ዋጋ እንደ ቀኑ ሲቆረጥ

ጥር 9 ቀን ማምሻውን ጎንደር የደረሰ እንግዳ ሻንጣውን ይዞ ከሆቴል ሆቴል ይዞራል። «አልጋ አለ?» ይላል። የለም። አራተኛው ወይም አምስተኛው በር ላይ አንድ ክፍል ይገኝለታል፤ ዋጋው ግን ኅዳር ላይ ከነበረው በእጥፍ ጨምሯል። «ምነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ እንግዳ ተቀባይዋ «ጥምቀት ነው እኮ ወንድሜ» ትለዋለች። ሌላ ማብራሪያ የለም፤ አያስፈልግምም። ያው ሰው በማግስቱ ጠዋት ወደ ነገሥታቱ ግንብ፣ ወደ ፋሲል ግቢ ወጥቶ ትኬት ሲቆርጥ ግን የሚከፍለው ሐምሌ ዝናብ ላይ የመጣው ሰው ከከፈለው አይለይም። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሰሞን፣ ለአንድ ሰው፣ አንዱ ዋጋ ከቀኑ ጋር ይነሣል፣ ሌላው ከቦታው አይነቃነቅም።

እንደ ፈላጊው ብዛት ከፍ ዝቅ የሚለው ዋጋ ዛሬ ዓለምን እያዳረሰ ነው። ከአውሮፕላን ወንበር ተነሥቶ ሆቴል ገባ፤ ከሆቴል ወጥቶ የልጆች መጫወቻ ፓርክ በር ላይ ቆመ። ወደ እኛም ቅርስ በር መምጣቱ አይቀርም። ስለዚህ አሠራሩን አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል።

ነገሩ ለደጋ ገበሬ እንግዳ አይደለም። የወገራ ገበሬ እህሉን ወቅቶ ወዲያው ገበያ ቢያወጣው ርካሽ እንደሚሆንበት ያውቃል፤ የሁሉም ሰው አውድማ በአንድ ሰሞን ነውና። አቅሙ የፈቀደለት በጎታ ከትቶ ክረምቱን ይጠብቃል። በግም እንዲሁ ነው፤ ለፋሲካ ሦስት ቀን ሲቀረው የሚጠራበት ዋጋና ሁዳዴ እኩሌታ ላይ የሚጠራበት ዋጋ አንድ ሆኖ አያውቅም። የአውሮፕላን ወንበርና የሆቴል አልጋ ግን ጎታ የላቸውም። ዛሬ ባዶውን ያደረ አልጋ ለነገ ተቀምጦ አይሸጥም። ባለቤቱ ደግሞ እንግዳ መጣም ቀረም የሠራተኛ ደመወዝ፣ የመብራትና የባንክ ዕዳ ይከፍላል። እህል የሚጠብቀው ወቅት አለው፤ አልጋ የሚጠብቀው የለውም። ለዚህ ነው ዋጋው ራሱ ወቅቱን እየተከተለ የሚሄደው።

ይህን አስተሳሰብ በሥርዓት የያዙት የአሜሪካ አየር መንገዶች ናቸው። እስከ 1978 እ.ኤ.አ. ድረስ በዚያ አገር ከግዛት ወደ ግዛት የሚደረገው በረራ ዋጋ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ነበር። ቁጥጥሩ ሲነሣ ፒፕል ኤክስፕረስን የመሰሉ በርካሽ የሚያበሩ ኩባንያዎች ብቅ አሉ። ነባሩ አሜሪካን ኤርላይንስ በ1985 እ.ኤ.አ. የሰጠው መልስ ዋጋውን በሙሉ ማውረድ አልነበረም። ከአንዱ አውሮፕላን ወንበሮች ከፊሉን አስቀድሞ ለሚቆርጥ ሰው በርካሽ ለቀቀ፤ የቀረውን ደግሞ በመጨረሻው ሰዓት የግድ መሄድ ላለበት ነጋዴ በውድ አቆየ። ስንት ወንበር ለየትኛው ይቅር የሚለውን ያለፉትን ጉዞዎች መዝገብ እያየ ኮምፒውተር ያሰላል። ፒፕል ኤክስፕረስ በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ ከገበያ ወጣ።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ አዘዞ በሚገኘው አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወርድ መንገደኛም ከዚህ ሥርዓት አያመልጥም። ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ዓይነት ሻይ የሚጠጡ ሁለት ሰዎች የከፈሉት ሊለያይ ይችላል። አንዱ አስቀድሞ ቆርጧል፣ ሌላው ትናንት። ከውጭ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጣ ከሆነም ለአገር ውስጡ በረራ ቅናሽ ሊያገኝ ይችላል።

የመዝናኛ ፓርኮች ወደዚህ አሠራር የገቡት ዘግይተው ነው። በካሊፎርኒያ የሚገኘው ዲዝኒላንድ በ1955 እ.ኤ.አ. ሲከፈት መግቢያው 1 ዶላር ነበር፤ ለየመጫወቻው ደግሞ ለብቻው ይከፈል ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. የካቲት ወር ላይ ፓርኩ ቀኖችን በሦስት ከፈለ፦ ሰው ለሚያንስበት ቀን 95፣ ለመካከለኛው 105፣ ለሚጨናነቅበት 119 ዶላር። ከዚያ ወዲህ ክፍሎቹ በዝተዋል፤ በ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ርካሹ ቀን 104፣ ውዱ 206 ዶላር ደርሶ ነበር። ፓርኩ የሰጠው ምክንያት ሰውን በቀኖቹ ላይ ማከፋፈል ነው። ሰልፉ እንዲያጥር፣ ቅዳሜ የሚመጣው ከፊሉ ማክሰኞ እንዲመጣ። ገቢው እንደሚያድግም ግልጽ ነው። እኔ ሁለቱንም ምክንያቶች አምናለሁ፤ አንዱ እውነት መሆኑ ሌላውን ሐሰት አያደርገውም።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚያምታቱት ልዩነት አለ። የአየር መንገድ ዋጋ በየሰዓቱ ይለወጣል፤ ጠዋት ያዩትን ማታ ላያገኙት ይችላሉ። የዲዝኒላንዱ ግን የቀን መቁጠሪያ ዋጋ ነው፤ የትኛው ቀን ስንት እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቃል፣ ቤተሰብም ኪሱን አይቶ ቀኑን ይመርጣል። ሁለቱም «ተለዋዋጭ» ይባላሉ፤ ከፋዩ ላይ የሚያሳድሩት ስሜት ግን የተለያየ ነው። በመጀመሪያው ሻጩ ያውቃል፣ ገዢው ይገምታል። በሁለተኛው ሁለቱም ያውቃሉ።

ጎንደር ለሁለተኛው ዓይነት የተፈጠረች ከተማ ናት ብል አላጋነንሁም። እንግዳዋ መቼ እንደሚመጣ ለማወቅ ኮምፒውተር አያሻትም። ኅዳር 6 የደብረ ፀሐይ ቁስቋም ንግሥ ነው። ጥር 7 የደብረ ብርሃን ሥላሴ። ጥር 10 ከተራ፣ ጥር 11 ጥምቀት፣ ጥር 12 ቃና ዘገሊላ። ቀኑ የሚለዋወጠው ፋሲካ ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት የመቶ ዓመቱን ዛሬ ቁጭ ብለው ቀምረው ይነግሩናል። የከተማዋ ባለሆቴሎች የጥር ዋጋቸውን መስከረም ላይ ጽፈው በር ላይ ቢለጥፉ የሚከለክላቸው ምን አለ?

ይህን የምለው የደረሰብኝን አይቼ ነው። አንድ ዓመት ኅዳር ላይ ደውዬ ክፍል ያዝሁ፣ ዋጋውንም ተስማማን። ጥር 9 ስደርስ ሌላ ቁጥር ተነገረኝ። «ጋሼ፣ ያኔ የተነገረዎት የኅዳሩ ነው፤ አሁን በዓል ነው» አለኝ ልጁ። እሱን አልፈረድሁበትም፤ የታዘዘውን ነው የተናገረው። ግን ዋጋ መለዋወጥና ቃል ማጠፍ ለየቅል ናቸው። ኅዳር ላይ «ለጥምቀት ሁለት እጥፍ ነው» ቢለኝ ኖሮ ወይ እስማማለሁ ወይ ዘመድ ቤት አድራለሁ። በገበያ ባህላችን ሻጭ ይጠራል፣ ገዢ ይከራከራል፣ ዋጋ ከተቆረጠ በኋላ ግን አይነካም። አዲሱ አሠራር ከዚህ ልማድ መማር አለበት።

ወደ ፋሲል ግቢ እንመለስ። አፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. የቆረቆሯት ከተማ እምብርት፣ በ900 ሜትር የድንጋይ አጥር የተከበበው፣ በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ ግቢ ዋጋ የሚለየው በቀን አይደለም፤ በሰው ነው። ኢትዮጵያዊ፣ የውጭ ዜጋ፣ ተማሪ እያለ። ለግቢው የተቆረጠው ትኬት ቀሃ ወንዝ አጠገብ ላለው የፋሲለደስ መዋኛም ያገለግላል። እኔ ይህን ልዩነት ትክክል ነው ብዬ እሟገታለሁ። ለአገሬው ሰው ግንቡ የአያቶቹ ቤት ነው፤ ለሩቁ እንግዳ ደግሞ ከአውሮፕላን ትኬቱ ጋር ሲነጻጸር መግቢያው ኢምንት ነው።

ግን የማይለወጥ ዋጋ በእርግጥ የማይለወጥ ነው ወይ? ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት የውጭ ዜጋ ለግቢው 200 ብር ይከፍል ነበር። በ2005 ዓ.ም. ምንዛሪ ያ ገንዘብ ወደ 11 ዶላር ይጠጋል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት በነበረው ምንዛሪ 3 ዶላር ከግማሽ ነው፤ አንድ ዶላር ከመቶ ብር ሲያልፍ ከ2 ዶላር በታች ይሆናል። ማንም መስኮቱን ሳይነካው፣ ማንም ስብሰባ ሳይቀመጥ፣ ያ ቁጥር ለእንግዳው በአምስት እጥፍ በረከሰ ነበር። ግንቡን የሚጠግነው ኖራና የግንበኛው ቀን ሥራ ግን አልረከሰም። ዋጋን በቁርጡ አቁሞ መተው ራሱ ውሳኔ ነው፤ የሚከፍለውም ድንጋዩ ነው።

ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን፣ ደባርቅ ላይ ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት አሠራር አለ፤ እኔን ከሁሉም የሚማርከኝ እሱ ነው። ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚገባ እንግዳ በደባርቅ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት መግቢያውን ይከፍላል፤ ጠመንጃ የያዘ ስካውት ይመደብለታል፤ አስጎብኚ፣ ምግብ አብሳይ፣ በቅሎና ባለበቅሎ ይይዛል። የቀን ዋጋቸው የተቆረጠ ነው። ሥራው የሚደርሳቸውም በተራ ነው። ጥቅምት ላይ፣ ዝናቡ አቁሞ ሜዳው ሳይደርቅ፣ ሰው ከሁሉም አገር ሲጎርፍ፣ ባለበቅሎው «ዛሬ ፈላጊ በዝቷልና እጥፍ ክፈሉኝ» አይልም። የሚጨምረው ዋጋው ሳይሆን የተራው ፍጥነት ነው። በሳምንት አንዴ ይደርሰው የነበረው ሁለት ሦስቴ ይደርሰዋል።

የኢኮኖሚ ባለሙያ ይህን ሲያይ ገንዘብ ጠረጴዛ ላይ እየቀረ ነው ሊል ይችላል። ልክ ነው፤ ይቀራል። ግን ሥርዓቱ የተሠራው ከአንድ እንግዳ ብዙ ለማግኘት አይደለም። በሳንቃበር፣ በግጭና በጨነቅ መንገድ ዙሪያ ያለ መንደርተኛ ሁሉ፣ ብርቱውም ደካማውም፣ ቋንቋ የሚያውቀውም የማያውቀውም፣ ከዋልያና ከጭላዳው የሚገኘውን እንጀራ እንዲካፈል ነው። ፓርኩ በ1996 እ.ኤ.አ. በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ገብቶ በ2017 እ.ኤ.አ. እስኪወጣ ድረስ አንዱ ትልቁ ጭንቀት የግጦሽና የእርሻ መስፋፋት ነበር። ጨነቅ ገደል ላይ የቆመ ዋልያ ለጎረቤቱ ገበሬ ጥቅም ካላመጣ ማን ይጠብቀዋል? ዋጋን በፈላጊው ልክ ብቻ ብንለቀው ተራው ይፈርሳል፤ ተራው ከፈረሰ ጥበቃውም ይላላል።

ወደ ጥምቀት መመለስ ግድ ይለኛል፤ ስለ መጨናነቅ አውርቶ ይህን መዝለል አይቻልም። በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት ጠዋት፣ በዓሉ በዩኔስኮ ከተመዘገበ ገና በሁለተኛው ወር፣ በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ለተመልካች የተሠራ የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎች ቆሰሉ። ሰው ከቦታው በላይ ነበር። በዲዝኒላንድ መንገድ የሚያስብ ሰው «ለዚያ ቀን የመግቢያ ክፍያ ቢጣል ሰዉ ይቀንስ ነበር» ሊል ይችላል። አዎ፣ ይቀንሳል፤ የሚቀነሰው ግን ነጠላዋን አጣፍታ ሌሊቱን በእግሯ ከደንቢያ የመጣችው እናት ናት። ከቀሃ ወንዝ በቦይ የሚገባው ውኃ ለእሷም ነው የሚባረከው። ለበዓሉ የሚመጣ ምእመን ትኬት አይቆርጥም፤ ሊቆርጥም አይገባም። እዚያ ቦታ የሚያስፈልገው መሐንዲስ የመረመረው መቀመጫና የሰው ቁጥር የሚከታተል አስተባባሪ ነው። ዋጋ ሁሉን አይፈታም፤ ሊነካቸው የማይገቡ ቀኖችም አሉ።

ዋጋ የማይፈታው ሌላም ነገር አለ። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ መጀመሪያ ኮሮና፣ ቀጥሎ የሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ የተነሣው ግጭት የጎንደርንና የደባርቅን እንግዳ አሳጥቷል። በእነዚያ ዓመታት መግቢያው በነጻ ቢሆንም የሚመጣው ሰው ጥቂት ነበር፤ ያስቀረው የትኬቱ ዋጋ ሳይሆን መንገዱ ነውና። ፈላጊን ተከትሎ የሚሄድ ዋጋ፣ ፈላጊው መምጣት ሲችል ብቻ ነው ትርጉም ያለው።

ሰላም ባለበት ወቅት ግን አሠራሩን ከወዲያኛው ጫፍ፣ ከማውረድ ብንጀምረውስ? ስለ ተለዋዋጭ ዋጋ ሲነገር ሁሉም የሚያየው ጭማሪውን ነው፤ ቅናሹን የሚያስታውስ የለም። ሐምሌና ነሐሴ ጎንደር ላይ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ይወርዳል፤ ጠዋቱ ግን ብዙ ጊዜ ብሩህ ነው። የግቢው ሣር ያን ጊዜ ለምለም ነው፤ በአፄ ኢያሱ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ሥር ቆሞ ወደ ላይ የሚያይ ሰው ግን በጣት ይቆጠራል። በሰሜን ተራሮች ጭጋጉ ጅብራውን ሸፍኖት ይውላል፤ የደባርቅ ባለበቅሎዎችም ተራቸው አይደርስም።

እነዚህ ሁለት ወራት ትምህርት ቤት የሚዘጋባቸው ወራትም ናቸው። ማራኪ ሰፈር፣ አዘዞ፣ ዳባት፣ አምባ ጊዮርጊስ ቤቱ የሚውለው ልጅ ብዙ ነው፤ ግንቡን በርቀት እንጂ ከውስጥ ያላየውም እንዲሁ። ከሰኔ ማብቂያ እስከ ጳጉሜን የተማሪና የቤተሰብ መግቢያ በግማሽ ዋጋ የሚል አንድ ወረቀት በትኬት መስኮቱ ላይ ቢለጠፍ፣ ለአስጎብኚውም የክረምት ሥራ ይሆንለታል።