ካምፓሪኖ፦ ሚላኖ ከራት በፊት የምትቆምበት ባንኮኒ

ጣሊያኖች ራት ከመቅረቡ በፊት መረር ያለ መጠጥ በትንሽ በትንሹ ይጎነጫሉ። የሚጠጡት ለመስከር አይደለም፤ የምግብ ፍላጎት እንዲከፍትላቸው ነው። መጠጡንም ሰዓቱንም «አፐሪቲቮ» ይሏቸዋል። ምሬቱ የሚገኘው ከሥራሥርና ከቅጠላ ቅጠል ነው። ለምሳሌ ቬርሙት የሚባለው ወይን የሚቀመመው በእኛው አሪቲ ዘመድ ነው። ልማዱን በአንድ ቤት ብቻ አይቶ መረዳት ለሚፈልግ ሰው፣ ሚላኖ ከሚገኘው ካምፓሪኖ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ቤቱ ከዱኦሞ ካቴድራል ጎን፣ በቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ ጋለሪያ መግቢያ ጥግ ላይ ነው። ጋለሪያው ጣሪያው በብረትና በመስተዋት የተሠራ፣ ሱቅና ምግብ ቤት ግራና ቀኝ የተደረደረበት ሰፊ መተላለፊያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1867 ሲመረቅ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ኖቫራ ከተማ ላይ በስሙ የሚጠራውን ቀይ መራራ መጠጥ የቀመመው ጋስፓሬ ካምፓሪ እዚያው ቡና ቤት ከፈተ። ልጁ ዳቪዴም በዚያው ዓመት እዚያው ጋለሪያ ውስጥ ተወለደ። ይኸው ዳቪዴ ነው በ1915 ካምፓሪኖን ከአባቱ ቤት ፊት ለፊት የከፈተው።

የዳቪዴ ትልቁ ሥራ ከባንኮኒው ሥር ተደብቋል። ከምድር ቤት እስከ ባንኮኒው ቧንቧ ዘርግቶ፣ በረዶ የመሰለ ቀዝቃዛ ጋዝ ያለው ውሃ በግፊት ያለማቋረጥ እንዲወጣ አደረገ። ነገሩ ቀላል ይምሰል እንጂ የመጠጡ ነፍስ እዚህ ላይ ናት። ውሃ በሞቀ ቁጥር ጋዙ ያመልጠዋል፤ በጣም ሲቀዘቅዝ ግን አፍኖ ይይዘዋል። ቀጂው አስቀድሞ የቀዘቀዘውን ካምፓሪ ብርጭቆው ውስጥ ያደርግና ቧንቧውን ይከፍትበታል። ውሃው በኃይል ሲመታው ቀዩ መጠጥ ይገላበጣል፣ ከላዩም ሮዝ አረፋ ይደፋል። በረዶ አይጨመርበትም፤ በረዶው ሲቀልጥ መጠጡን ያቀጥነዋልና። «ካምፓሪ ሴልዝ» የሚባለው ይህ ነው። መጀመሪያ ብርቱካን ብርቱካን ይላል፣ ቀጥሎ ምሬቱ ምላስ ላይ ይቀራል፤ ያኔ እጅ ሳይታወቀው ከመጠጡ ጋር ወደቀረበው የወይራ ፍሬ ይሄዳል።

ግድግዳውም ሊታይ የሚገባው ነው። የአበባና የወፍ ሞዛይኩ የአንጄሎ ዳንድሬያ፣ የእንጨት ሥራው የኤውጄኒዮ ኳርቲ፣ የብረት ሥራው የአሌሳንድሮ ማዙኮቴሊ ነው፤ ሦስቱም በዘመናቸው የታወቁ ባለሙያዎች ነበሩ። በነሐሴ 1943 የወረደው የቦምብ ድብደባ ጋለሪያውን ክፉኛ ጎዳው። ካምፓሪኖም ከካምፓሪ እጅ ወጥቶ ለብዙ ዓመታት ዙካ በተባለ ሌላ መራራ መጠጥ ስም ሲጠራ ቆየ፤ የቀድሞ ስሙ የተመለሰለት በቅርብ ዓመታት ነው። እኔ በዚህ ደስ ይለኛል፤ ይህን ባንኮኒ የተከለው ሰው ስሙ በደጁ ላይ ሊኖር ይገባል።

እዚያው ሚላኖ ፖርታ ቬኔዚያ በሚባለው ሰፈር ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ተነስቶ ወደ ካምፓሪኖ መሄድ በሜትሮው ቀይ መስመር ጥቂት ፌርማታ ነው። አዲስ አበባ ላይ ማኪያቶ ቆሞ መጠጣት የለመደ ሰው እዚህ ግራ አይጋባም። ውጭ ያሉት ወንበሮች ካቴድራሉን ፊት ለፊት ያሳያሉ፤ ሆኖም እንደ ጣሊያን ልማድ ተቀምጦ የሚጠጣ ሰው ቆሞ ከሚጠጣው የበለጠ ይከፍላል፣ የቧንቧውን ሥራም አያይም። ስለዚህ ምሽት 12 ሰዓት ገደማ ሂዱ፣ ባንኮኒው ጋ ቁሙ፣ ካምፓሪ ሴልዝ እዘዙ፣ አረፋው ሳይጠፋ ጠጡት። ካምፓሪ ብቻውን ከ20 በመቶ በላይ አልኮል አለውና አንዱ ይበቃል፤ ከዚያ ወደ ራታችሁ ሂዱ።