እንሰትን ከሥሩ የምትመጥ ተባይ

በሲዳማ ዘመን መለወጫ በፍቼ ጨምበላላ ሰሞን የሐዋሳው ጉዱማሌ አደባባይ ቄጣላ በሚባለው ባህላዊ ጭፈራ ጨፋሪዎች ይጥለቀለቃል። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሲሰፍር አብሮ የተጠቀሰ አንድ አፈ ታሪክ አለ፤ አንዲት ባለትዳር የሲዳማ ሴት በዓመት አንዴ ወላጆቿን ልትጠይቅ ስትመጣ ቡርሳሜ ይዛ ትመጣና ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ይቋደሰው ነበር ይላል። ቡርሳሜ ከእንሰት፣ ከቅቤና ከወተት ይሠራል። ቅቤና ወተቱን ላም ትሰጣለች። እንሰቱ ግን ተፍቆ ቆጮ እስኪሆን ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ጓሮ ውስጥ ይቆማል፤ አደጋውም ያለው እዚያ ቆይታ ላይ ነው።

የግብርና ባለሙያዎች የእንሰት ሥር ሚሊባግ የሚሏት ተባይ ከምስር ፍሬ ታንሳለች፤ ክንፍ የላትም፤ ገላዋ በነጭ ሰም ተሸፍኗል። ከአፈር በታች ሥሩና አሚቾው (ከመሬት በታች ያለው ወፍራም ግንዱ) ላይ ተጣብቃ ውኃውን ትመጣለች። ገበሬው ከላይ የሚያየው ሌላ ነው፦ ዝናብ እየዘነበ እንሰቱ ይቀጭጫል፣ የዳር ቅጠሎቹ ይደርቃሉ። ግንዱን ይዞ ቢገፋው ያለ ብዙ ትግል ይነቀላል፤ ሥሩ ተመናምኗልና። የተረፉት ጥቂት ሥሮች ላይ ነጭ በነጭ ሆነው የተደረደሩትን ያኔ ያያቸዋል። ክፉኛ የሚጎዳው ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያለው ለጋ እንሰት ነው። አጠውልግ ስለሚባለው የእንሰት በሽታ ብዙ ይወራል፣ መወራቱም ተገቢ ነው፤ የዚች ተባይ ጉዳት ግን ቀስ ብሎ የሚገድል ስለሆነ ብዙ ጊዜ በድርቅ ወይም በመሬት መድከም ይመካኛል።

ተባይዋ በጌዴኦ ወናጎ መታየቷ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1988 ሲሆን ሳይንሳዊ ስሟን ያገኘችው በ1999 ነው። በአብዛኛው የምትገኘው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,400 እስከ 2,200 ሜትር ባለው ከፍታ ነው፤ ሐዋሳና ዙሪያዋም እዚያው ውስጥ ናቸው።

ክንፍ የሌላት ፍጥረት ከመንደር መንደር እንዴት ትሻገራለች? ጉንዳን ከሰውነቷ የሚወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ፈልጎ ይንከባከባታል፣ ተሸክሞም ያዛውራታል። የመቆፈሪያ መሣሪያም ከአፈሩ ጋር ይወስዳታል። ዋናው አጓጓዥ ግን ሰው ነው። እንሰት የሚባዛው አሚቾው መሐሉ ተቦርቡሮ ሲቀበር በሚያወጣቸው በርካታ ቡቃያዎች ነው። ቡቃያው ይነቀላል፣ ይተከላል፣ ደግሞ ይዛወራል፤ ለዘመድ ይሰጣል፣ ገበያም ይወጣል። ሥሩ ላይ የቀረው አፈር አብሮ ይሄዳል።

እዚሁ ሲዳማ ደጋ ላይ ድንች የሚያለማ ገበሬም የአፈር ተባይ አያጣም። ቆራጭ ትሉ ቀን አፈር ውስጥ ተደብቆ ሌሊት ለጋውን ግንድ ይቆርጣል። ድንች ግን በሦስት አራት ወር ይወጣል፤ ማሳው ይታረሳል፣ ትሉ ለፀሐይና ለወፍ ይጋለጣል፣ በቀጣዩ ወቅት እህል ይዘራበታል። የእንሰት ጓሮ ይህ እረፍት የለውም። አንዱ ሲፋቅ በቦታው ሌላ ይተከላል፤ ጎረቤቱ ያለው እንሰት እንደቆመ ነው።

ስለዚህ ትግሉ መደረግ ያለበት በተከላ ጊዜ ነው። የችግኙ ሥር ይቆረጣል፣ አሚቾው ተልጦ ይጸዳል፣ ከዚያም በፈላ ውኃ ውስጥ ከ10 እስከ 30 ሴኮንድ ይነከራል። የተባይዋ ደካማ ጎን የሚጠቅመው እዚህ ነው፦ የምትመጠው ካጣች ከሦስት ሳምንት ገደማ በላይ አትኖርም። የተጠቃው እንሰት ከነሥሩ ተነቅሎ መሬቱ አንድ ወር ያህል ያለ እንሰት ቢቆይ ባዶ ቤት ይሆንባታል።

ዳያዚኖንና ክሎርፒሪፎስም ተሞክረው ቁጥሯን ቀንሰዋል። ከብትና ሕፃናት በሚውሉበት፣ ቡናም በሚለቀምበት ጓሮ ላይ እንዲህ ያለ መርዝ መድፋቱ ግን ለእኔ አይዋጥልኝም። ዓሣ የሚያደነዝዘው የብርብራ ፍሬም ተሞክሯል፤ ያም ቢሆን ችግኝ እንደመፈተሽ አይቀልም። ገዢ ገበያ ላይ ቅጠሉን ከማድነቁ በፊት አፈሩን አራግፎ ሥሩን ይይ። ነጭ ነገር ካለበት ይተወው።