ከመጥፎ ጽሑፍ ምን እንማራለን?

«ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ይላሉ አባቶቻችን። በትምህርት ቤት ሳለን ግን ስለ ጽሕፈት የተሰጠን ምሳሌ ሁሉ መልካም መልካሙ ብቻ ነበር። መምህሮቻችን የታወቁ ደራስያንን መጻሕፍት እያነበቡ «እንደዚህ ጻፉ» ይሉን ነበር እንጂ፣ መጥፎውን ጽሑፍ አቅርበው «እንደዚህስ አትጻፉ» ያሉን ጊዜ ጥቂት ነው። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲውን ጨርሰን፣ ወደዚህ ሥራ ሳንመጣ፣ ለጥቂት ወራት በአንድ መሥሪያ ቤት በተቀጠርን ጊዜ በየፋይሉ ያገኘነው አጻጻፍ ሁሉ ትክክለኛ መስሎን ገለበጥነው። መገልበጣችን ያስከተለውን ነገር ለአንባብያን ሳንደብቅ እንነግራለን።

አንዲት ባልቴት የሟች ባለቤታቸውን ጡረታ ለማስተላለፍ አመልክተው ነበር። የጎደላቸው የጋብቻ ማስረጃ ብቻ ነው። ይህንን ለማስታወቅ የሚከተለውን ደብዳቤ አረቀቅን፦

«ያቀረቡት ማመልከቻ አግባብ ባለው ክፍል በኩል አስፈላጊው ማጣራት እየተደረገበት የሚገኝ ሲሆን፣ ያልተሟሉ ማስረጃዎች ይህ ደብዳቤ ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ተሟልተው ያልቀረቡ እንደ ሆነ ጉዳዩ እንደ ተዘጋ የሚቆጠር መሆኑን እየገለጽን፣ ለሚደረግልን ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን።»

አለቃችን አንድም ቃል ሳይሰርዙ ፈረሙበት፤ እኛም ደስ አለን። ሴትዮዋ በሐምሌ አጋማሽ ነጠላቸው በዝናብ ርሶ ሲመጡ ግን ፋይላቸው ተዘግቶ ቆየ። «ልጄ፣ እየሠራንበት ነው፣ እናመሰግናለን ብላችሁ ጽፋችሁልኝ አልነበረም ወይ?» አሉን። ደብዳቤውን ያነበበላቸው የልጅ ልጃቸው የተረዳው ይህንኑ ነው። ልጁም አልተሳሳተም፤ ያጠፋነው እኛ ነን። ፋይሉ እንደገና እስኪከፈት ድረስ ሁለት ወር አለፈ፤ በእነዚያም ሁለት ወራት እማማ ያለ ጡረታ ኖሩ።

ከዚያ በኋላ ደብዳቤውን እንደ በሽተኛ መረመርነው። የጎደለው ማስረጃ ምን እንደ ሆነ አልተጻፈም። ዋናው ነገር፣ ማለት የቀኑ ገደብ፣ በአረፍተ ነገሩ መካከል ተቀብሯል። «ማጣራት እየተደረገበት» ተባለ እንጂ ማን እንደሚያጣራ አልተገለጸም። እንደገና በጻፍነው ጊዜ ይህን ያህል ብቻ ሆነ፦ «ማመልከቻዎ ደርሶናል። የጋብቻ ማስረጃ ስለ ጐደለ እስከ ሰኔ 30 ድረስ ያምጡልን። እስከዚያ ካላመጡ ፋይሉ ይዘጋል።»

በመጥፎ ምሳሌ መማር የእኛ ግኝት አይደለም። እንግሊዛዊው ደራሲ ጆርጅ ኦርዌል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1946 ስለ ፖለቲካና ስለ እንግሊዝኛ ቋንቋ በጻፈው ድርሰት፣ በመጀመሪያ ያደረገው በዘመኑ ከታተሙ ጽሑፎች አምስት መጥፎ ምሳሌዎችን መደርደር ነው። ከእነዚህም መካከል የፕሮፌሰሮች ጽሑፍ ይገኝበታል። ቀጥሎም ከመጽሐፈ መክብብ ምዕራፍ 9 ስለ ሩጫና ስለ ሰልፍ የሚናገረውን ቁጥር ወስዶ በዘመኑ የሹማምንትና የምሁራን ቋንቋ ገለበጠው። ሯጩም፣ ጦረኛውም፣ እንጀራውም ከገጹ ጠፉ፤ በምትካቸው የማይጨበጡ ረቂቅ ቃላት ቀሩ። አንባቢው ሁለቱን አስተያይቶ ራሱ እንዲፈርድ አደረገ።

ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1948፣ በመንግሥት ሥራ ያረጁት ሰር ኧርነስት ጋወርስ የብሪታንያ ገንዘብ ሚኒስቴር ባቀረበላቸው ጥያቄ መሠረት ስለ ግልጽ አጻጻፍ ለመንግሥት ሠራተኞች የሚሆን መጽሐፍ አሳተሙ። በ1979 ደግሞ ክሪሲ ማኸር የተባሉ ሴት ለንደን ውስጥ በፓርላማው አደባባይ ለሕዝብ የማይገቡ የመንግሥት ቅጾችን በይፋ ቆራረጡ። እርሳቸው ያቋቋሙት ማኅበርም ለመጥፎ ጽሑፍ የመሳለቂያ ሽልማት እስከ መስጠት ደርሷል።

የእኛስ ቋንቋ? የአማርኛ ማሰሪያ አንቀጽ በመጨረሻ የሚመጣ በመሆኑ፣ አረፍተ ነገሩ በ«ሲሆን»ና በ«እየገለጽን» በተራዘመ ቁጥር አንባቢው ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። ከዚህም በላይ «ገመገምን» በማለት ፈንታ «ግምገማ አካሄድን»፣ «ተጠገነ» በማለት ፈንታ «ጥገና ተደረገለት»፣ «አሁን» በማለት ፈንታ «በአሁኑ ሰዓት ላይ» እንላለን። «ውሳኔ ተሰጥቷል» ሲባልም ወሳኙ ይሸሸጋል፤ ወሳኙ ከተሸሸገ ደግሞ ባለጉዳዩ ማንን ይጠይቃል?

ይህን ስንል ረጅም አረፍተ ነገር ሁሉ መጥፎ ነው ማለታችን አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ረጃጅም አረፍተ ነገሮች አሉት። ነገር ግን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው አድማጩ በጆሮው ብቻ ተከትሎ ሳይጠፋው ጨርሷል፤ ሐረጎቹ በቅደም ተከተል የሚሄዱ፣ ሰዎቹም በስማቸው የሚታወቁ ናቸውና። እንግዲህ መለኪያው ርዝመቱ ሳይሆን ጆሮ ነው።

ስለዚህ ተማሪዎችና በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ወጣቶች፣ አንድ ደብተር ግዙ። በግራው ገጽ ያገኛችሁትን መጥፎ ጽሑፍ ገልብጡ፤ ጥፋቱ ምን እንደ ሆነ በስሙ ጥሩት፤ በቀኙ ገጽ አቃንታችሁ ጻፉት። ከዚያም ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ጉዳዩን ለማያውቅ ሰው አንብቡለትና ምን እንደ ገባው ጠይቁት። በሌላው ሰው ጽሑፍ መሳቅ ቀላል ስለ ሆነ ግን ከራሳችሁ ጀምሩ። በእኛ ደብተር የመጀመሪያው ግራ ገጽ ላይ የተገለበጠው ለእማማ የጻፍነው ደብዳቤ ነው።