የማረሻን ጫፍ ስለማጠንከር

ከስሜን ተራሮች ግርጌ በሚገኙት የዳባትና የደባርቅ ተዳፋት ማሳዎች ዐፈሩ ድንጋያማ በመሆኑ የማረሻ ጫፍ ፈጥኖ ይዶለዱማል። የዶለዶመ ማረሻ ዐፈሩን ከመሰንጠቅ ይልቅ ስለሚገፋ በሬዎች ይደክማሉ፤ እርሻውም ጥልቀት ያጣል። ገበሬው በዘር ወቅት ማረሻውን ይዞ ባለ እጅ ፍለጋ ሲሄድ የሚያልፈው ቀን ደግሞ ተመልሶ አይገኝም።

ብረት በእሳት የሚጠነክረው በውስጡ በቂ ካርቦን ሲኖር ነው። ከግንባታ የተረፈ ፌሮ ካርቦኑ አነስተኛ ስለሆነ አግለው ቢነክሩትም ያን ያህል አይጠነክርም። የመኪና ባሌስትራ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ 0.5 በላይ ካርቦን ስላለው ለማረሻ ተስማሚ ነው።

ተቀጥቅጦ ያለቀው ማረሻ ጫፉ ብቻ፣ አራት ጣት ያህል፣ በከሰል ፍም ይጋላል። በፀሐይ ብርሃን የብረቱ ቅላት ዐይንን ስለሚያታልል ሥራው በጥላ ሥር ይሁን። ግለቱ መድረሱን ማግኔት ይነግራል፤ ብረት ከ770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ ሲግል በማግኔት አይሳብም። ከተበላሸ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት በሽቦ ታስሮ ለዚህ ይበቃል። ማረሻው መሳቡን ሲያቆም ጥቂት ይታከልበትና ወዲያው ዘይት ውስጥ ይነከራል። ውኃ ባሌስትራን ሊሰነጥቅ ስለሚችል አይመረጥም። ዘይቱ ነበልባል ሊያነሣ ስለሚችል የብረት ክዳን በአጠገብ ይኑር፤ ጭሱም ጎጂ ነውና ሥራው አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይከናወን።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የጋለ ብረት ሲነከር ዙሪያውን የእንፋሎት ሽፋን ይከበዋል፤ ይህም እንደ ጋቢ ሙቀቱን አቅፎ ይይዛል። ማረሻው ዝም ብሎ ከተቀመጠ ቀስ ብሎ ስለሚቀዘቅዝ ጫፉ በከፊል ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በጉጠት ተይዞ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ሳያቋርጡ ወደ ላይና ወደ ታች መወዝወዝ ያስፈልጋል። ሞረድ ሲሞክሩበት ከተንሸራተተ ጠንክሯል፤ ሞረዱ ከነከሰው ግን ሥራው ይደገማል።

እንዲህ የጠነከረ ማረሻ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ስለሆነ ድንጋይ ሲመታ ይሸረፋል። ጫፉ በድንጋይ ተፈግፍጎ ከነጣ በኋላ ከጫፉ ራቅ ያለው አካል ቀስ ተብሎ ይሞቃል። ሙቀቱ ወደ ጫፉ ሲጓዝ ቀለሙ ከገለባ ቢጫ ወደ ቡናማ፣ ከዚያም ወደ ሐምራዊና ሰማያዊ ይለወጣል። ለቢላዋ ገለባው ቀለም ይበቃ ይሆናል፤ ለደባርቅ ድንጋይ ግን ሐምራዊው ወደ ሰማያዊ ሲያዘነብል እንዲነከር እንመክራለን።

ይህ ለባለ እጅ ፈጽሞ እንግዳ ነገር አይደለም። በስሜንና በወገራ ማረሻ ይሠሩ ከነበሩት መካከል ቤተ እስራኤላውያን ይገኙበት ነበር፤ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ሲሄዱ ብዙ ጥበብ አብሯቸው ሄዷል። የቀሩትን ባለ እጆች በስድብ ስም እየጠሩ ማረሻችንን ደኅና አድርጋችሁ ሥሩልን ማለት የሚያዋጣ አይመስለንም። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አሮጌ ባሌስትራ ከጋራዦች በጋራ ገዝተው ሊያቀርቡላቸው ይችላሉ። የልማት ሠራተኞች ደግሞ በግንቦት፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ አንዱን ማረሻ እየተወዘወዘ፣ ሌላውን ሳይወዘወዝ ያስነክሩ፤ ሁለቱንም በአንድ ማሳ ላይ ያሳርሱና ርዝመታቸውን ከእርሻው በፊትና በኋላ በገበሬው ፊት ይለኩ።