ወሸባና የአባለ ዘር በሽታ ትርጓሜ

የአባለ ዘር በሽታ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ሲሆን፣ በሕዝብ ዘንድ የሚሰጠው ትርጓሜ ግን ብዙ ጊዜ ሰውን ትቶ ሌላ ምክንያት ይፈልጋል። ይህ ትርጓሜ በባልና ሚስት ኑሮ ላይ ያለው ውጤት ሊመረመር የሚገባው ነው።

ጉዳዩ ጐልቶ ከሚታይባቸው ሥፍራዎች አንዱ በአዲስ አበባ የአዲስ ከተማው መርካቶ ነው። ገበያው በኢጣልያ ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ከአራዳ ተዛውሮ የተቋቋመ ነው። አውቶቡስ ተራ ከየአገሩ የሚመጣውን መንገደኛ ይቀበላል፤ የሰባተኛ ሠፈርም በመጠጥ ቤቶቹና በሴተኛ አዳሪነት ሲታወቅ ኖሯል። ከቤተሰቡ የራቀ ነጋዴ፣ ሾፌርና የቀን ሠራተኛ በዚህ ሲያልፍ፣ ያገኘውን በሽታ ሳያውቅ ወደ ቤቱ ይዞ ሊመለስ ይችላል።

ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ ቂጥኝን፣ ጨብጥንና በብሽሽት እብጠት የሚታወቀውን ባምቡሌን በየስማቸው ለይቶ ያውቃል። ስለ ጨብጥ ግን በጨረቃ ትይዩ በመሽናት ይመጣል የሚል እምነት አለ። ይህ እምነት ታማሚውን ከሐሜት፣ ትዳሩንም ከጠብ ያድናል፤ ዳሩ ግን ጥፋቱ የጨረቃ ከሆነ ሚስት የምትታከምበት ምክንያት አይኖርም። ጨብጥ ደግሞ በሴቶች ላይ ብዙ ጊዜ ምልክት አያሳይም። ሳይታከም ሲቀር መካንነትን ያስከትላል፤ መካን ተብላ የምትፈታውም ሚስት ናት።

የቂጥኝ ባህላዊ ሕክምና ወሸባ ይባል ነበር። ታማሚው ከሰው ተለይቶ በቤት ተዘግቶ፣ ከምግቡ እየተከለከለ፣ የተቀቀለ ሥር ውሃ ለሳምንታት ይጠጣል። የመጀመሪያው የቂጥኝ ቍስል ያለ መድኃኒትም ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ በራሱ ይድናልና፣ ከወሸባ የወጣው ሰው የዳነ ይመስለዋል። በሽታው ግን በደም ውስጥ ተሰውሮ ይቆያል፤ ከዓመታት በኋላ ልብንና አንጐልን ሊጐዳ፣ ከነፍሰ ጡር እናትም ወደ ፅንሱ ሊተላለፍ ይችላል። ዛሬ በመጀመሪያው ደረጃ ያለ ቂጥኝ በ1 የፔኒሲሊን መርፌ ይድናል። ቃሉም በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ «ውሸባ» ተብሎ እንደገና ተሰምቷል።

ኤችአይቪ በመጣ ጊዜም ዝምታው ተደገመ። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሰዎች መካከል ቫይረሱ በደማቸው የተገኘው በአገሪቱ 0.9፣ በአዲስ አበባ 3.4 በመቶ ነበር። መድኃኒቱ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ መሰጠት ጀምሯል፤ በአግባቡ የሚወስድና ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላ አያስተላልፍም።

በከተማ ከጋብቻ በፊት መመርመር እየተለመደ መጥቷል። ሆኖም ምርመራ የዕለቱን ሁኔታ እንጂ የወደፊቱን አይናገርም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለጋብቻ 18 ዓመት መሙላትንና የሁለቱንም ነጻ ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃድ ግን በሠርጉ ቀን የሚያበቃ አይደለም፤ ሚስት ኮንዶም እንዲደረግ ለመጠየቅ፣ ባልም ሕመሙን ሳይደብቅ ለመናገር ካልቻሉ ፈቃዱ ጐደሎ ነው።

እንግዲህ የወሸባ ጉድለት ሥሩ ፈዋሽ አለመሆኑ ብቻ ሳይሆን፣ አንዱን ለይቶ ሌላውን መርሳቱም ነው። ሁለቱ አብረው ካልታከሙ የዳነው ከጓደኛው ተመልሶ ይያዛልና።