ፖሊሲ የሚወጣው በማን ፍላጎት ነው?

«መንግሥት ወሰነ» ሲባል ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ከውሳኔው በፊት ግን የጠየቀ፣ የተቃወመ፣ የተደራደረ፣ ሆን ብሎም ያዘገየ አለ። ከእነዚህ ሁሉ ሚዛን የሚደፋው የማን ቃል ነው በሚለው ጥያቄ ላይ የአሜሪካ ምሁራን ከሰባ ዓመት በላይ ተከራክረዋል፤ ዛሬም አልተስማሙም።

ሶሺዮሎጂስቱ ፍሎይድ ሀንተር እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው መጽሐፍ አትላንታን አጥንቷል። የከተማዋን ጉዳይ ጠንቅቀው ያውቃሉ የተባሉ ሰዎችን «እዚህ ተሰሚነት ያላቸው እነማን ናቸው?» እያለ ጠይቆ 40 ሰዎችን ለየ። አብዛኞቹ የንግዱ ዓለም ሰዎች ነበሩ። በ1956 ደግሞ ሲ. ራይት ሚልስ ይህንኑ በአገር ደረጃ አነሳው፦ የትልልቅ ኩባንያዎች አለቆች፣ የጦር አዛዦችና የፖለቲካው ቁንጮዎች አንዱ በሌላው ወንበር የሚቀመጡ የአንድ ክበብ ሰዎች ናቸው አለ። በእርግጥም በ1953 የጄኔራል ሞተርስ ፕሬዚዳንት ቻርልስ ዊልሰን ከኩባንያው በቀጥታ ወደ መከላከያ ሚኒስትርነት ተሻግረው ነበር። ይህ አመለካከት የልሂቃን ንድፈ ሐሳብ ይባላል።

የየል ዩኒቨርሲቲው ሮበርት ዳል በዚህ አልተስማማም። ኃያል ተብሎ መታወቅ ሌላ፣ ውሳኔን ማስለወጥ ሌላ ነው ብሎ የራሱን ከተማ ኒው ሄቨንን መረመረ። የከተማ መልሶ ማልማትን፣ የሕዝብ ትምህርትንና የፓርቲ ዕጩዎችን ምርጫ በሚመለከቱ ውሳኔዎች ማን ሐሳብ እንዳቀረበ፣ ማን እንዳሸነፈ አንድ በአንድ ተከታተለ። በ1961 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ በትምህርት ጉዳይ የሚሰሙት ሰዎች በመልሶ ማልማቱ ብዙም ቦታ የላቸውም። ከዘርፍ ዘርፍ ተሻግረው የሚወስኑት እንደ ከንቲባው ሪቻርድ ሊ ያሉ ጥቂቶች ናቸው፤ እነሱም የመራጩን ድምፅ ይፈራሉ። ሥልጣን በብዙ ቡድኖች መካከል ተበትኗል የሚለው ይህ አመለካከት ፕሉራሊዝም ይባላል።

እኔ ከሁሉም የሚያሳስበኝ ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ነው። ፒተር ባክራክና ሞርተን ባራትዝ በ1962 ዳልን እንዲህ ሲሉ ሞገቱት፦ የተወሰነውን ብቻ ከቆጠርን፣ ከናካቴው ለውይይት እንዳይቀርብ የተደረገውን እንዴት እናያለን? በ1971 ማቲው ክሬንሰን ለዚህ ጥያቄ ተጨባጭ ምሳሌ ይዞ መጣ። ጋሪና ኢስት ቺካጎ በኢንዲያና ግዛት ጎን ለጎን ያሉ፣ በብረት ፋብሪካ ጭስ የታፈኑ ከተሞች ነበሩ። ኢስት ቺካጎ የአየር ብክለት መቆጣጠሪያ ደንብ ያወጣችው በ1949 ሲሆን ጋሪ ግን እስከ 1962 ቆየች። ኢስት ቺካጎ በርካታ የብረት ኩባንያዎች ነበሯት፤ ጋሪን ደግሞ ከመነሻዋ የቆረቆራት ዩ.ኤስ. ስቲል ነው፣ ስሟም የኩባንያው ሊቀመንበር ስም ነው። ኩባንያው ሰልፍ አልጠራም፤ ደንቡንም በአደባባይ አልተቃወመም። ሰዎች ስለ ጭሱ አቤት ሲሉ አለቆቹ ችግሩን አምነው ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር፤ የሚከተል ነገር ግን የለም። የከተማው እንጀራ በእጁ ስለነበር መናገር እንኳ አላስፈለገውም። የእነዚያን 13 ዓመታት የጋሪ ምክር ቤት ቃለ ጉባኤ የሚያገላብጥ ተመራማሪ ኩባንያው ተከራክሮ ያሸነፈበትን ውሳኔ ፈልጎ ላያገኝ ይችላል። ጭሱን የሚተነፍሱት ሠራተኞችና ልጆቻቸው ግን ማን እንዳሸነፈ ሳንባቸው ያውቀዋል።

የኒው ሄቨን ጉዳይም በዳል መጽሐፍ አልተዘጋም። ዊልያም ዶምሆፍ በ1978 ሰነዶቹን ዳግም መርምሮ፣ በከንቲባው ስም የሚጠራውን መልሶ ማልማት የንግዱ ማኅበረሰብና የየል ሰዎች ቀድመው ሲገፉት እንደነበር ጻፈ።

በ2014 ማርቲን ጊለንስና ቤንጃሚን ፔጅ ከ1981 እስከ 2002 የተነሱ 1,779 የፖሊሲ ጥያቄዎችን አነጻጸሩ። ባለጸጎችና የተደራጁ የጥቅም ቡድኖች በውጤቱ ላይ ጉልህ ተጽዕኖ ሲኖራቸው፣ የተራው ዜጋ የብቻው ተጽዕኖ እዚህ ግባ የማይባል ሆኖ አገኙት። ተቺዎች ግን ሀብታሙና መካከለኛው ዜጋ በአብዛኞቹ ጥያቄዎች አንድ ዓይነት ነገር ስለሚፈልጉ የማን ፍላጎት እንደተፈጸመ መለየት ያስቸግራል ይላሉ። ትችቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን የጊለንስና የፔጅ መረጃ የተሰበሰበው በሕዝብ አስተያየት መጠይቅ ከቀረቡ ጥያቄዎች ነው፤ እንደ ጋሪ ጭስ ለውይይት ያልቀረበ ጉዳይ ከ1,779ኙ ውስጥ አይገኝም።