ካሌንደሩ በአማርኛ፣ መግቢያው በዕብራይስጥ

የካሌንደር ፕሮግራም ቀጠሮዎችን ከኢንተርኔት አምጥቶ ስክሪን ላይ ከመደርደሩ በፊት ባለቤቱ ማን እንደሆነ ማረጋገጥ አለበት። ለዚህ የሚከፍተው ትንሽ መስኮት የመግቢያ መስኮት ይባላል፤ የኢሜይል አድራሻና የይለፍ ቃል የሚጻፈው እዚያ ላይ ነው። ስልኩም ፕሮግራሙም በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ እየሠሩ ይህ መስኮት ብቻ በዕብራይስጥ፣ በዐረብኛ ወይም በጀርመንኛ ተጽፎ የሚመጣበት ጊዜ አለ። ቴል አቪቭ፣ ዱባይ ወይም ፍራንክፈርት ለሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ብዙ ጊዜ ጥርጣሬው ቫይረስ ላይ ይወድቃል። ነገሩ ግን ከዚያ የቀለለና ምናልባትም ይበልጥ የሚያናድድ ነው፤ ገጹን የላከው ሰርቨር የማያውቀውን ሰው ቋንቋ ገምቶ ተሳስቷል።

ግምት ለምን እንዳስፈለገ የሚገባው መስኮቱ የማን እንደሆነ ሲታወቅ ነው። በድሮው አሠራር የካሌንደር ፕሮግራም የይለፍ ቃሉን በራሱ ሳጥን ተቀብሎ፣ አስቀምጦ፣ በፈለገው ሰዓት ለሰርቨሩ ያቀርብ ነበር። ሳጥኑ የፕሮግራሙ ስለሆነ ቋንቋውም የፕሮግራሙ ነበር። ጉድለቱ ግን ግልጽ ነው፤ ቀጠሮ ብቻ ማየት የሚገባው ፕሮግራም የኢሜይሉንም የፎቶውንም መክፈቻ ይዞ ይዞራል። እ.ኤ.አ. በ2012 ኦአውዝ 2.0 የተባለው ደንብ ሲወጣ አሠራሩ ተለወጠ (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። አሁን ፕሮግራሙ የይለፍ ቃሉን አያይም። አካውንቱን የሚያስተዳድረውን ድርጅት፣ ለምሳሌ የጉግልን ወይም የማይክሮሶፍትን ገጽ ይከፍታል፤ ተጠቃሚው እዚያ ይገባል፤ ፕሮግራሙ የሚረከበው ካሌንደሩን ብቻ የሚያስከፍት የፈቃድ ምልክት ነው። በመሆኑም የመስኮቱ ክፈፍ የፕሮግራሙ ሆኖ በውስጡ ያለው ጽሑፍ ከሌላ ቤት የመጣ ነው። ሁለቱ ቤቶች በቋንቋ ጉዳይ ካልተነጋገሩ ተጠቃሚው መሐል ላይ ይቀራል።

ተንደርበርድ የተባለው የኢሜይል ፕሮግራም ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ካሌንደሩ መጀመሪያ ላይትኒንግ የሚባል ለብቻው የሚጫን ተጨማሪ ነበር፤ በ2015 ከወጣው 38ኛ ቅጂ ጀምሮ አብሮት መምጣት ጀመረ። ተንደርበርድ የተሠራው የፋየርፎክስ ብሮውዘር በቆመበት ሞተር ላይ ስለሆነ የጉግልን የመግቢያ ገጽ በራሱ መስኮት መክፈት ይችላል። እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። የፕሮግራሙ ሜኑ የሚታይበት ቋንቋ አንድ ነገር ነው፤ ፕሮግራሙ ለድረ ገጾች «እኔ የምፈልገው ቋንቋ ይህ ነው» ብሎ የሚናገረው ሌላ ነገር ነው። ሁለቱ በተለያየ ቦታ ይቀመጣሉ። ክሮም ወይም ፋየርፎክስ ላይ ቋንቋ ያስተካከለ ሰውም የተንደርበርድን አላስተካከለም፤ እያንዳንዱ የየራሱን ዝርዝር ይዟልና።

የመግቢያ ገጽ ከሌሎች ገጾች የሚለየው ለማያውቀው ሰው የሚናገር በመሆኑ ነው። ሰውየው ከገባ በኋላ ችግር የለም፤ አካውንቱ ላይ የተመዘገበው ቋንቋ ይነበብና ገጹ በዚያ ይቀጥላል። ደጅ ላይ ግን ሰርቨሩ ያለው ምስክር ብቻ ነው፤ ምስክሮቹም ሁሌ አይስማሙም። ከሁሉ የሚታመነው ብሮውዘሩ ገጽ በጠየቀ ቁጥር አብሮ የሚልከው የቋንቋ ዝርዝር ነው። ይህ አሠራር ከ1990ዎቹ ጀምሮ የድረ ገጽ ደንብ አካል ነው። ዝርዝሩ በቅደም ተከተል ብቻ ሳይሆን ከ0 እስከ 1 ባለ ክብደትም ይጻፋል፤ አማርኛ 1፣ እንግሊዝኛ 0.8 ቢል «አማርኛ ካለህ አምጣ፣ ከሌለህ እንግሊዝኛም ይሁን» ማለት ነው። ፕሮግራሙም በበኩሉ ገጹን ሲከፍት አድራሻው ላይ የቋንቋ ጥያቄ መቀጠል ይችላል። በ2014 የወጣው ኦፕንአይዲ ኮኔክት የተባለው የመግቢያ ደንብ ለዚሁ ሲባል የተመረጡ ቋንቋዎች በቅደም ተከተል የሚጻፉበት ቦታ አበጅቷል። ቀድሞ እዚያው ኮምፒውተር ላይ የተጠቀመ ሰው ጥሎት የሄደ ኩኪ (ድረ ገጽ ኮምፒውተሩ ላይ የሚተወው ትንሽ ማስታወሻ) ካለም ይመሰክራል፤ ኢንተርኔት ቤት ተቀምጦ የሌላ ሰው ቋንቋ የሚያጋጥመው በዚህ የተነሳ ሊሆን ይችላል።

የመጨረሻው ምስክር የአይፒ አድራሻ ነው፤ በእውነቱ ምስክር ሊባልም አይገባውም። አድራሻው በግምት የሚናገረው መስመሩ በየትኛው አገር እንደሚያልፍ ብቻ ነው። ፕሮግራሙ የቋንቋ ዝርዝር ሳይልክ ሲቀር፣ ወይም ሰርቨሩ ዝርዝሩን ንቆ በአገር ሲመራ፣ ሪያድ ያለ ሰው ሁሉ ዐረብኛ አንባቢ፣ ቴል አቪቭ ያለውም ሁሉ ዕብራይስጥ አንባቢ ይሆናል። አዲስ አበባ ቢሮው ውስጥ የተቀመጠ ሠራተኛ እንኳ የመሥሪያ ቤቱ ቪፒኤን በአምስተርዳም በኩል የሚያልፍ ከሆነ መግቢያው በደች ቋንቋ ሊቀርብለት ይችላል። አገር ቋንቋ አይደለም። ሰማንያ የሚያህሉ ቋንቋዎች በሚነገሩበት አገር ላደገ አንባቢ ይህን ማስረዳት ባያስፈልግም፣ ሶፍትዌር የሚሠሩ ብዙዎች ግን ዘንግተውት ይገኛሉ።

አገርና ቋንቋ መምታታቱ በምልክቶቹ ላይ ሲደርስ ደግሞ ለአማርኛ ተናጋሪ የተለየ መልክ ይይዛል። ኮምፒውተሮች ቋንቋንም አገርንም በሁለት በሁለት የላቲን ፊደል ያሳጥራሉ፤ ዝርዝሮቹ ግን የተለያዩ ናቸው። በቋንቋዎች ዝርዝር «ኤ-ኤም» ማለት አማርኛ ነው፤ በአገሮች ዝርዝር ግን እነዚሁ ሁለት ፊደላት አርመን ናቸው። «ኢ-ቲ» በአገሮች ዝርዝር ኢትዮጵያ ናት፤ በቋንቋዎች ዝርዝር ግን የኢስቶኒያውያን ቋንቋ ነው። አንድ ፕሮግራመር ከተጠቃሚው ስልክ ላይ የአገሩን ምልክት አንስቶ በስህተት የቋንቋ ቦታ ላይ ቢያስገባው ኢትዮጵያዊው ተጠቃሚ ከባልቲክ ባሕር ዳርቻ በመጣ ቋንቋ ይለፍ ቃሉን ይጠየቃል። ከቋንቋ ምልክት ተነስቶ ባንዲራ የሚለጥፍ ፕሮግራምም ከ«አማርኛ» አጠገብ የአርመንን ባንዲራ ሊሰቅል ይችላል። በልማድ ቋንቋው በትንንሹ፣ አገሩ በትልልቁ የላቲን ፊደል ይጻፋል። ይሁን እንጂ ልዩነቱ ለሰው ዓይን የተደረገ ነው፤ በደንቡ መሠረት ኮምፒውተሩ ትንሹንና ትልቁን ፊደል አይለይም። ዐረቦችም ከዚህ አያመልጡም፤ የዐረብኛ ምልክት በአገሮች ዝርዝር አርጀንቲና ነው።

የዕብራይስጥ ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። የዚህ ቋንቋ ምልክት በ1989 ከ«አይ-ደብልዩ» ወደ «ኤች-ኢ» ተቀየረ። ጃቫ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ግን እስከ 2021፣ 17ኛው ቅጂ እስኪወጣ ድረስ፣ አሮጌውን ምልክት ይዞ ቆየ። አንዱ ወገን በአሮጌው ሲጠይቅ ሌላው አዲሱን ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ጥያቄው መልስ ያጣል፤ ዕብራይስጥ የፈለገው ሰውም እንግሊዝኛ ይሰጠዋል። ይህም ስህተቱ በሁለቱም አቅጣጫ የሚሠራ መሆኑን ያሳያል።

አልፎ አልፎ ጥፋቱ ከሰርቨሩም ከፕሮግራሙም ውጭ ይሆናል። ፍጥነት ለመጨመር የገጾችን ቅጂ መሐል ላይ የሚያስቀምጡ ኮምፒውተሮች አሉ። ገጹ እንደ አንባቢው ቋንቋ እንደሚለያይ በግልጽ ካልተነገራቸው፣ መጀመሪያ ለጠየቀው ጀርመናዊ የተዘጋጀውን ቅጂ ቀጥሎ ለመጣው ሁሉ ያድላሉ። ከደቂቃዎች በኋላ ቅጂው ሲታደስ ችግሩ በራሱ ይጠፋል፤ ያየው ሰውም ለሌላ ማሳየት ያቅተዋል።

ጉዳቱ እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ በቅርብ ለማየት የዕብራይስጡን መስኮት ማሰብ ይበቃል። ዕብራይስጥና ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚጻፉ ፊደሉ ብቻ አይደለም የሚለወጠው፤ ገጹ በሙሉ እንደ መስታወት ምስል ይገለበጣል። በእንግሊዝኛው መግቢያ ላይ ብዙ ጊዜ «ቀጥል» የሚለው ቁልፍ በቀኝ፣ «አዲስ አካውንት ክፈት» የሚለው ከእሱ በስተግራ ይቀመጣል። በተገለበጠው ላይ ቦታ ይለዋወጣሉ። ጽሑፉን ማንበብ ያልቻለ ሰው የሚተማመነው በቦታ ትዝታው ነው፤ አድራሻውን ጽፎ እጁ የለመደው ቀኝ ላይ ሲጫን ስምና የትውልድ ቀን የሚጠይቅ አዲስ ቅጽ ይመጣበታል። ካሌንደሩን ሊከፍት መጥቶ ሌላ ባዶ አካውንት ከፍቶ ይሄዳል። በዕብራይስጥ «ሀባ»፣ በዐረብኛ «አትታሊ» የሚሉት ቃላት «ቀጣይ» ማለት መሆኑን የሚያውቅ ሰው ከዚህ ይተርፋል። የሚገርመው፣ ዐረቦች የይለፍ ቃልን «ከሊማት አልሙሩር» ይሉታል፤ የማለፊያ ቃል ማለት ነውና ከአማርኛው ጋር በትርጉም ይገናኛሉ፤ በፊደል ግን አይተያዩም።

ከይለፍ ቃሉ በኋላ የሚመጣው ገጽ ይብሳል። ይህ የፈቃድ ገጽ ሲሆን ፕሮግራሙ ካሌንደሩ ላይ ምን ማድረግ እንደሚፈቀድለት ይዘረዝራል፤ ማየት ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ቀጠሮ መለወጥ፣ ለሌላ ማጋራት፣ እስከነአካቴው መሰረዝም ሊሆን ይችላል። በማይነበብ ቋንቋ የተሰጠ ፈቃድ በስም ብቻ ፈቃድ ነው። አጭበርባሪዎች የሚሠሩትን የውሸት መግቢያ ከእውነተኛው ለመለየት ከሚረዱት ነገሮች አንዱም የቋንቋው ለዛ ነው፤ አንባቢው ቋንቋውን ካላወቀ ይህን መለያ ያጣል። በፕሮግራሙ ውስጥ የሚከፈት ትንሽ መስኮት ላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የገጹ አድራሻ አይታይም።

በዋነኛነት ለደኅንነት ሲባል ጉግል በ2016 በፕሮግራሞች ውስጥ በተከተቱ መስኮቶች መግባትን እንደሚያስቀር አስታወቀ። በ2017 የወጣው የደንብ ሰነድም ፕሮግራሞች ተጠቃሚውን ወደ ራሱ ብሮውዘር እንዲልኩት መክሯል። ይህ ለውጥ ለቋንቋውም ያልታሰበ ጥቅም አስገኝቷል፤ ብሮውዘሩ የሰውየውን የቋንቋ ዝርዝር ይዟልና ገጹ አብዛኛውን ጊዜ በሚያነበው ቋንቋ ይመጣል። አሮጌ ቅጂ የሚጠቀሙ ሰዎችና በራሳቸው መስኮት የጸኑ ፕሮግራሞች ግን አሁንም አሉ።

ከተጠቃሚው የሚጠበቀው ብዙ አይደለም። ታላላቆቹ የመግቢያ ገጾች ግርጌያቸው ላይ የቋንቋ ምርጫ ያስቀምጣሉ፤ በተገለበጠ ገጽ ላይ ምርጫው በቀኝ በኩል ይገኛል። እያንዳንዱ ቋንቋ በገዛ ፊደሉ ስለሚጻፍ ከማያውቁት ፊደል መካከል «አማርኛ» ወይም «ኢንግሊሽ» የሚለውን ነቅሶ ማውጣት አያስቸግርም። ለዘለቄታው ደግሞ የስልኩን የቋንቋ ዝርዝር ማስተካከል ነው፤ አንድሮይድ ከ2016ቱ 7ኛ ቅጂ ጀምሮ ብዙ ቋንቋ በተርታ ያስመርጣል፣ ከ2022ቱ 13ኛ ቅጂ ጀምሮ ደግሞ ለእያንዳንዱ አፕ ለብቻው ቋንቋ መስጠት ያስችላል፤ አይፎን ይህን የመጨረሻውን በ2019 ጀምሯል። አማርኛን አስቀድሞ እንግሊዝኛን ማስከተል ይበጃል፤ አማርኛ የሌለው ገጽ ሲያጋጥም ሰርቨሩ ግምት ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሁለተኛውን ያያል። ፕሮግራም የሚሠሩት ደግሞ ገጹን ሲከፍቱ የፕሮግራማቸውን ቋንቋ አብረው መላክ አለባቸው፤ የአንድ መስመር ሥራ ነው፣ ላለመሥራትም ሰበብ የለውም። መስኮቱ በሚነበብ ቋንቋ እስኪመጣ ድረስ ግን የይለፍ ቃል አይጻፍበት፤ «ፍቀድ» የሚመስለውም ቁልፍ አይነካ።